ዜሮ መምህር ስለተመደበልን የቀረበ ምስጋና

ለተከበሩ ጓድ ክንዱ መለሰ
የመምህራን ድልድል ስሌት ክፍል ኃላፊ
ጎንደር

በመምህራን የግድግዳ ጋዜጣ ላይ ተለጥፎ ማንም እንዲያነበው የቀረበ
ታኅሣሥ 1979 ዓ.ም.

የተከበሩ ጓድ ኃላፊ፤

ከሁሉ አስቀድሜ የእርስዎን ጤንነት፣ ቀጥዬም የባለቤትዎንና የልጆችዎን ጤንነት፣ በመጨረሻም ብርድና አቧራ እንዳይነካው በመጋረጃ ተሸፍኖ ከሁላችንም በተሻለ ምቾት የሚኖረውን የኮምፒዩተርዎን ጤንነት በታላቅ አክብሮት እጠይቃለሁ። እኔ በጃናሞራ ደጋ፣ ከመካነ ብርሃን በላይ ባለችው በጓሳ ሜዳ፣ ውርጩ እስከ ረፋድ ሣሩ ላይ ተኝቶ በሚያረፍድበት አገር፣ ከአርባ ሰባት ተማሪዎቼ ጋር ደኅና ነኝ። ደኅና ነኝ ስል ግን በእርስዎ ክፍል ስሌት መሠረት ከነጭራሹ የለሁም፤ ስለዚህ ይህን ደብዳቤ የሚጽፍልዎ ዜሮ መሆኑን ከወዲሁ ተረድተው፣ የእጅ ጽሑፌ ባያምር እንዳይቀየሙኝ እለምናለሁ።

ምናልባት ከሥራዎ ብዛት ስሜ ተዘንግቶዎት እንደሆነ፣ መምህርት ወርቅውሃ ኃይለ ማርያም እባላለሁ። ተወልጄ ያደግሁት እዚያው ጎንደር ከተማ፣ ከቢሮዎ ብዙም በማይርቅ ሰፈር ሲሆን፣ አባቴ መሪጌታ ኃይለ ማርያም የባሕረ ሐሳብ መምህር ናቸው። የአጽዋማትና የበዓላት ቀን የሚወጣበት ስሌት የቤታችን የእራት ወሬ ስለነበር፣ ከቁጥር ጋር የተዋወቅሁት ገና ፊደል ሳልጨርስ ነው። ከመምህራን ማሠልጠኛ እንደወጣሁ ጓሳ ሜዳ ተመደብሁ፤ እነሆ እስከ ዛሬ ድረስ ከአንደኛ እስከ አራተኛ ክፍል ያሉትን ልጆች ሁሉ በአንድ ጣሪያ ሥር የማስተምር ብቸኛዋ መምህርት እኔ ነኝ።

ይህን ደብዳቤ በግል በመላክ ፈንታ ግድግዳ ላይ መለጠፌ ድፍረት መስሎ እንዳይታይብኝ እሰጋለሁ። በግል የላክኋቸው ደብዳቤዎች መልስ ያላገኙት እርስዎ ንቀውኝ ሳይሆን፣ ለሌለ ሰው መልስ መጻፍ የመንግሥት ወረቀት ማባከን ስለሚሆን መሆኑን አውቃለሁ። ባለፈው ስብሰባ ግን እርስዎ ራስዎ ተነሥተው፣ ሂስና ግለ ሂስ የሥራችን ሁሉ መሠረት ስለሆነ ማንኛውም ጓድ ቅሬታውን ሳይፈራ በአደባባይ እንዲያቀርብ አሳሰቡን። እኔ ደግሞ ትእዛዝ አክባሪ ነኝ። ግለ ሂሱን እርስዎ በተመቸዎ ጊዜ ያደርሱታል፤ ሂሱን ግን እኔ እንደሚከተለው አቅርቤአለሁ።

አንደኛ፤ ስለ ዜሮው።

በመስከረም የመምህራን ድልድል ከእንግዲህ በሰው እጅ መሠራቱ ቀርቶ ከወዳጅ አገር በተገኘው ኮምፒዩተር እንደሚሠራ፣ በዚህም አድልዎና ዝምድና ድራሻቸው እንደሚጠፋ የሚያበሥር መመሪያ ሲደርሰን ከልባችን ደስ አለን። ደንቡም ለአምሳ ተማሪ አንድ መምህር የሚል ሸጋ ደንብ ነበር። የድልድሉ ወረቀት መካነ ብርሃን ላይ ተለጥፏል ሲባል ወርጄ ባይ፣ በጓሳ ሜዳ ትይዩ ተማሪ አርባ ሰባት፣ መምህር ዜሮ ይላል። እውነቱን ለመናገር መጀመሪያ ዜሮዋ የዝንብ ኩስ መስላኝ በጥፍሬ ልፍቃት ሞክሬ ነበር። አልፋቅ አለች። ከሥሩ ደግሞ ትምህርት ቤቱ መምህር የማያስፈልገው ሆኖ ስለተገኘ፣ በእጄ ያለውን ንብረት አስረክቤ ለሌላ ምደባ ጎንደር ሪፖርት እንዳደርግ የሚያዝዝ ጽሑፍ ነበረበት።

አልደብቅዎትም፣ እዚያው ማስታወቂያ ሰሌዳው ሥር ቆሜ አለቀስሁ። ጓሳ ሜዳ መምህር ከሌላት ትምህርት ቤቷ ትዘጋለች፤ ትምህርት ቤቷ ከተዘጋች ልጆቹ መካነ ብርሃን ድረስ ገደል ወርደው ገደል መውጣት አለባቸው፤ ይህን ደግሞ ለአዋቂም ቢሆን በየቀኑ አይመኙለትም። ከሁሉም ይልቅ አንጀቴን የበላችው አበቡ ናት። አበቡ አራተኛ ክፍል ስትሆን፣ አንድ ጊዜ የነገሯትን የማትረሳ፣ ያልገባትን ሳትጠይቅ የማትቀመጥ ልጅ ናት። እናቷ እንኳየሁ ባሏ የሞተባት ሴት ስትሆን፣ ልጅቱን ለመዳር በየዓመቱ የሚመላለሱትን ሽማግሎች ልጄ ትምህርት ላይ ናት እያለች ትመልሳቸዋለች። የአበቡ አጎት ትምህርት ቤቱ ዜሮ መምህር ደረሰው የሚለውን ወሬ የሰማ ዕለት፣ እንግዲህ ምክንያቱ አለቀ ብሎ ለጥር ሠርግ ቃል ሰጥቶ መጣ። ይህን የምነግርዎ ለማሽንዎ አንዲት ክብ ምልክት ብቻ የሆነችው ዜሮ ጓሳ ሜዳ ስትደርስ ምን እንደምትሆን እንዲያውቁት ብዬ ነው።

ወዲያው በእግሬ ደባርቅ ወርጄ፣ ከደባርቅ በማኪና ጎንደር ገባሁና ቢሮዎ ቀረብሁ። በታላቅ ትሕትና ተቀብለው ወንበር ሰጡኝ፤ ለዚህ ውለታዎ እስከ ዛሬ አመሰግንዎታለሁ። ጉዳዬን ሰምተው ሲጨርሱም ማሽን አይሳሳትም፣ የሚሳሳት ሰው ነው ብለው አስረዱኝ። ያን ጊዜ እኔም ሰው መሆኔ ትዝ አለኝና ይቅርታ ጠየቅሁ።

ነገሩን ለይቶ ያስረዳኝ የማሽኑን ትእዛዝ የሚጽፈው አዳሙ ተክለ ጊዮርጊስ ነው። እንደነገረኝ ከሆነ፣ ማሽኑ ትእዛዙን አንዱን ከአንዱ ሥር አስከትለው ሲጽፉለት ከላይ ወደታች እያነበበ ሳያጉረመርም ይፈጽማል። በዚያ ትእዛዝ ውስጥ አካፍል ሲባል ግን የሚያውቀው ሙሉ ቁጥር ብቻ ነው። አርባ ሰባትን ለአምሳ አካፍል ቢሉት፣ አልደረሰም፣ ዜሮ ብሎ ያልፋል። ወደ አንድ የቀረበ ነው ብሎ አያጠጋጋም፤ ሦስት ልጅ ብቻ ጎደለ ብሎም አያዝንም። ከእኛ በታች ቆላው ላይ ያለው ዘጠና ዘጠኝ ተማሪ ያለው ትምህርት ቤትም በዚሁ ምክንያት አንድ መምህር ብቻ ደርሶታል፤ አርባ ዘጠኙ ልጆች የት ገቡ ቢሉ ተቆርጠው ወደቁ። ወዴት ወደቁ ብዬ አዳሙን ብጠይቀው፣ አንገቱን ደፍቶ፣ የትም አይወድቁም፣ እንዲሁ ይጠፋሉ አለኝ።

አዳሙ መድኃኒትም ነበረው። በዚያው ማሽን ሆድ ውስጥ ነጥብ የሚያውቅ ሌላ አስሊ ፕሮግራም እንዳለ፣ ማካፈሉን ለእሱ ቢያስተላልፉት የተቆረጠው ሁሉ እንደሚመለስ ለእርስዎ አመለከተ። ሞክረውትም የጓሳ ሜዳ ዕጣ ዜሮ ነጥብ ዘጠኝ አራት መምህር ሆኖ ወጣ። እኔ በበኩሌ ከዜሮ ተነሥቼ እዚህ መድረሴ ትልቅ ዕድገት ስለሆነ እጅ ልነሣ ተዘጋጅቼ ነበር። እርስዎ ግን ከመቶ ዘጠና አራት እጅ የሆነ መምህር መመደብ የሚያስችል የሥራ መደብ የለም ብለው ወደ ዜሮ መለሱኝ። ቀሪዋን ስድስት እጅ ጎንደር ትቼ እንድሄድ ቢፈቅዱልኝ ኖሮ እኮ ምላሴን አስቀምጬ እሄድ ነበር፤ ይህም ደብዳቤ ባልተጻፈ።

ሁለተኛ፤ ስለ አርባ ሰባቱ መምህራን።

አለማመስገን ነውር ነውና፣ ልመናዬ ጨርሶ በከንቱ አልቀረም። ከብዙ ደጅ ጥናት በኋላ ራርተውልኝ፣ ከማካፈል የሚተርፈው ሁሉ ባክኖ እንዳይቀር ይደረግ የሚል ቆራጥ መመሪያ ለአዳሙ ሰጡ። መመሪያው አጭርና ግልጽ ነበር። ችግሩ አዳሙ ማን መሆኑን አለመጠየቅዎ ነው።

አዳሙ ኮምፒዩተር ከመማሩ በፊት ዲያቆን ነበር፤ ባሕረ ሐሳብ የተማረውም ከአባቴ ከመሪጌታ ኃይለ ማርያም እግር ሥር ነው። እርስዎ በዚህ እንዳይቆጡ፣ የማወራው ስለ ስሌት እንጂ ስለ ሌላ አይደለም። በባሕረ ሐሳብ ዓመተ ዓለሙን ለዐሥራ ዘጠኝ ሲያካፍሉት ዐሥራ ዘጠኙ ስንት ጊዜ ገባ የሚለውን ማንም አይፈልገውም፤ ይጣላል። የሚፈለገው የተረፈው ነው። ከትራፊው ወንበር ይገኛል፤ ከወንበሩ ደግሞ አበቅቴና መጥቅዕ ይወጣሉ፤ በእነዚህ የነነዌ ጾም መቼ እንደሚገባ፣ ፋሲካም መቼ እንደሚውል ይታወቃል። ትራፊውን ጥሎ ድርሻውን ይዞ የመጣ ተማሪ ካለ አባቴ ከመጀመሪያው ያስጀምሩታል። እንግዲህ በዚህ ያደገ ሰው ትራፊው አይባክን ሲባል ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? እጁ የለመደውን ሠራ። ድርሻውን ጥሎ ትራፊውን የሚያስቀር ትእዛዝ ጻፈ፤ እርስዎም ፈረሙበት።

አርባ ሰባት ለአምሳ ሲካፈል ዜሮ ደርሶ አርባ ሰባት ይተርፋል፤ ስለዚህ ለጓሳ ሜዳ አርባ ሰባት መምህራን ተመደቡ። አዘዞ አካባቢ ያለ፣ ስሙን የማልጠራው ትልቅ ትምህርት ቤት ደግሞ ሁለት ሺህ ተማሪ ስላለው፣ ሁለት ሺህ ለአምሳ ሲካፈል ምንም ስለማይተርፍ፣ ዜሮ ደረሰው። የእሱ አርባ መምህራን ሻንጣቸውን ሸክፈው ወደ ጓሳ ሜዳ እንዲሄዱ ታዘዙ፤ ቀሪዎቹ ሰባት ከሳንጃ ተነቅለው ተጨመሩበት። ለአንድ ተማሪ አንድ መምህር ማለት ነው፤ እንዲህ ያለ የትምህርት ጥራት በሠለጠነው ዓለምም ያለ አይመስለኝም፤ ስለዚህም ምስጋናዬ ወሰን የለውም።

እግዜር ይስጣቸውና ሁሉም አልደረሱም። ገደሉን አይተው ደባርቅ ላይ የታመሙ፣ መካነ ብርሃን ላይ እግራቸው ያበጠ ብዙ ነበሩ፤ ጓሳ ሜዳ የገቡት ግን ከዐሥር በላይ ናቸው። አንዱ የስፖርት መምህር በአንገቱ ፊሽካ አንጠልጥሎ፣ አንዱ የሙዚቃ መምህር አኮርዲዮን በበቅሎ አስጭኖ፣ ከሳንጃ ሙቀት የመጡት ደግሞ በስስ ሸሚዝ እየተንቀጠቀጡ ደረሱ። የገበሬ ማኅበራችን ሊቀመንበር አያ ላቀው አንድ በአንድ ከቆጠሯቸው በኋላ፣ መንግሥት ሲሰጥ በእጁ አይመዝንም ማለት ነው ብለው በየቤቱ አከፋፈሏቸው፤ ለስስ ሸሚዞቹም ደበሎና ጋቢ አሰባሰቡላቸው። እንግዶች ናቸውና የአገሬው ሰው አላሳፈራቸውም፤ ገብሱ ግን ሲቀንስ ዓይናችን እያየ ነበር።

በክፍል ውስጥ ያለው መቀመጫ ለልጆቹም የማይበቃ ስለሆነ፣ መምህራኑ እንዲቀመጡ ተማሪዎቹ በአክብሮት ቆሙላቸው። ጠዋት ጠዋት ስም የምትጠራው አበቡ ነበረች፤ የምትጠራውም የመምህራኑን ነበር። ትንሿ ብርቄ፣ ገና አንደኛ ክፍል የገባችው፣ አንድ ሲደመር አንድን አራት መምህራን በአንድ ጊዜ ሲያስረዷት ተደናግጣ አለቀሰችና፣ እኔ ወደ ውጭ አውጥቼ በሁለት ጠጠር አስረዳኋት። ማታ ማታ ግን አኮርዲዮኑ ይመታል፣ ስፖርተኛው ጎረምሶቹን ያስሮጣል፤ ጓሳ ሜዳ እንደዚያን ሰሞን ስቃ አታውቅም። በአዘዞው ትምህርት ቤት ደግሞ ዘበኛው ሁለቱን ሺህ ልጆች በደወል አስገብቶ በደወል ሲያስወጣ ሰነበተ አሉ። ጽሕፈት ቤትዎ ባወጣው የወሩ ዜና ላይ፣ በዚያ ትምህርት ቤት ከመምህራን የቀረበ አንድም ቅሬታ አለመኖሩ በአድናቆት ተጠቅሶ አንብቤአለሁ።

ሦስተኛ፤ ስለ ሰረዟ።

ይህን ሳላነሣው ላልፍ ነበር፤ ግን የደስታ ነገር ስለሆነ መደበቁ ከበደኝ። በኅዳር ስብሰባ ላይ በማሽኑ የተደመረውን የተማሪዎች ጠቅላላ ብዛት ሲያነቡልን በአዳራሹ ነበርሁ። ወረቀቱ ላይ ከቁጥሩ በፊት አንዲት አግድም መስመር ነበረች፤ እርስዎም ሰረዝ፣ ሃያ አምስት ሺህ አምስት መቶ ሠላሳ ስድስት ብለው በሚያስገመግም ድምፅ አነበቡ። እኛም አጨበጨብን። አዳሙ ብቻ አላጨበጨበም።

በኋላ እንዳስረዳኝ፣ ማሽኑ የሚቆጥረው እስከ ሠላሳ ሁለት ሺህ ሰባት መቶ ስልሳ ሰባት ድረስ ነው፤ በዚያ ላይ አንድ ልጅ ሲጨመርበት ጭንቅላቱ ዞሮ ከዜሮ በታች ይወድቅና ከዚያ እንደገና ወደ ላይ መውጣት ይጀምራል። የእኛ ተማሪዎች ደግሞ አርባ ሺህ ናቸው። ስለዚህ ሰረዝ ያሏት ሰረዝ ሳትሆን የመቀነስ ምልክት ናት፤ ያጨበጨብነውም አንድም ተማሪ ከሌለበት አገር እንኳ በሃያ አምስት ሺህ ተማሪ ለሚያንስ አገር ነው። ይህን የሰማሁ ዕለት ከወራት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ኩራት ተሰማኝ። ዜሮ የተባልሁት እኔ ከአውራጃው ሁሉ በልጬ ተገኘሁ።

አራተኛና የመጨረሻው፤ ስለ ሐሰት ሪፖርት።

የአዘዞ ወላጆች ቢሮዎን ሲያጨናንቁት ነገሩ ታወቀና ትእዛዙ ተሰረዘ። እንግዶቻችን ተመለሱ፤ የሙዚቃ መምህሩን ስንሸኝ ያለቀሰ ሰው ነበር። ማሽኑም ወደ መጀመሪያው ትእዛዝ ሲመለስ ጓሳ ሜዳ ወደ መጀመሪያው ዜሮዋ ተመለሰች። ያን ጊዜ አዳሙ፣ በሠራው ስሕተት እንቅልፍ አጥቶ የሰነበተው፣ አንዲት ቀላል ነገር ይዞ መጣ። ከማካፈላችን በፊት በእያንዳንዱ ትምህርት ቤት ተማሪ ላይ አርባ ዘጠኝ እንጨምር አለ። አርባ ሰባት ላይ አርባ ዘጠኝ ሲጨመር ዘጠና ስድስት ይሆናል፤ ለአምሳ ሲካፈል አንድ ይደርሳል፤ የተረፈውን ማሽኑ እንደ ልማዱ ይጣለው። በዘጠና ዘጠኙ ላይ ሲጨመር ሁለት ይደርሳል። የአዘዞው ሁለት ሺህ ቢጨመርበትም አርባው አርባ ነው፤ አንድም መምህር በትርፍ አይወስድም። ተማሪ የሌለበት ትምህርት ቤት ቢኖር እንኳ ዜሮውን አያጣም። በትእዛዙ ላይ የምትጨመረው አንዲት መስመር ናት፤ ነጥብም አትፈልግ፣ ሌላ ፕሮግራምም አትፈልግ።

እርስዎ ግን ይህችን መስመር ሲያዩ በቁጣ ነደዱ። በሌለ ተማሪ ላይ የተመሠረተ ስሌት የሐሰት ሪፖርት ነው፣ በሐሰት ሪፖርት ላይ ፊርማዬን አላኖርም ብለው ወረቀቱን ለአዳሙ መለሱለት። ይህን ጽኑ ሐቀኝነትዎን ማድነቅ ግዴታዬ ነው። ያለች መምህርት የለችም የሚል ወረቀት ላይ ግን ፊርማዎ በሚያምር ጽሑፍ ሰፍሯል፤ ያችን ፊርማ ልጆቼ እንደ ቁም ጽሑፍ ምሳሌ እየተለማመዱባት ነው።

አያ ላቀው ይህን ስነግራቸው ብዙ አሰቡና፣ የጎደለው ሦስት ብቻ ከሆነ እሳቸውና ሁለት ጎረቤቶቻቸው አንደኛ ክፍል ተመዝግበው አምሳውን እንደሚሞሉ ነገሩኝ። ሦስቱም ጢማቸውን አበጥረው፣ ደብተር ይዘው፣ ከብርቄ ኋላ ተቀመጡ። ከጽሕፈት ቤትዎ የመጣው መልስ ግን ሦስቱም በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ የምስክር ወረቀት የተቀበሉ ስለሆነ፣ አንዴ የተማረ ሰው ወደ አለመማር ሊመለስ እንደማይችል የሚያስረዳ ነበር። መልሱን ሳነብላቸው አያ ላቀው ደብተራቸውን አጥፈው ብብታቸው ሥር አደረጉና፣ ድምፃቸውን ሳያነሡ እንዲህ አሉኝ፦

«ምነው መምህርት፣ የእኛ ልጆች ስንት ሲሆኑ ነው ሰው የሚባሉት?»

ቁጥር የማስተምር እኔ፣ የመሪጌታ ኃይለ ማርያም ልጅ፣ ጥያቄውን ቃል በቃል ደብተሬ ላይ ጻፍሁት። ጥያቄው የሚመለከተው እርስዎን ስለሆነ አድርሼልዎታለሁ፤ አያ ላቀው ችኩል ሰው አይደሉም፣ ይጠብቃሉ።

የመጨረሻው ትእዛዝዎ እስከ ታኅሣሥ መጨረሻ ቁልፉን፣ ጥቁር ሰሌዳውንና ራሴን ይዤ ጎንደር እንድቀርብ ይላል። ትእዛዙን ደጋግሜ በጥንቃቄ አነበብሁት። እንደሚያውቁኝ ትእዛዝ መጣስ አይሆንልኝም፤ ነገር ግን ይህን ትእዛዝ የምፈጽምበት መንገድ ብፈልግ ብፈልግ አጣሁ። በእርስዎ ማሽን ተሰልቶ፣ በእርስዎ ፊርማ ጸድቆ፣ በማኅተም ተመትቶ በእጄ የሚገኘው ሰነድ በጓሳ ሜዳ ያሉት መምህራን ብዛት ዜሮ ነው ይላል። ከዜሮ ላይ አንድ መምህር ቀንሰው ወደ ጎንደር ቢያመጡ ጓሳ ሜዳ ከዜሮ በታች ትሆናለች፤ ይህ ደግሞ ምን እንደሚያስከትል በኅዳር ስብሰባ አይተነዋል። የሌለ መምህር አይዛወርም፤ የሌለ መምህር ንብረት አያስረክብም፤ የሌለ መምህር ቢቀርም ቀረ ተብሎ አይጻፍበትም። ስለዚህ ከእርስዎ ሰነድ ጋር ላለመጋጨት ስል እዚሁ እቀመጣለሁ።

ደመወዜ ለዜሮ አይከፈልም ተብሎ ቢቋረጥ፣ በየቤቱ ተራ ገብተው ሊያበሉኝ የአገሬው ሰዎች ተስማምተዋል፤ ከዐሥር በላይ መምህር የመገበ አገር አንዲት ዜሮ አያቅተውም። እንኳየሁም ትናንት የአበቡን አጎት በሰው ፊት አስጠርታ፣ መምህርቷ አልሄደችም፣ ትምህርት ቤቱም አልተዘጋም ብላ የሠርጉን ቃል እንዲመልስ አድርጋለች። አበቡ በጥር ያለባት የመንፈቀ ዓመት ፈተና ብቻ ነው። ፈተናውን የማወጣው እኔ ነኝ፤ የማካፈል ጥያቄም አለበት።

ለዚህ ሁሉ ላደረሱልን በጎ ሥራ፣ ስለ ዜሮው፣ ስለ አርባ ሰባቱ፣ ስለ አኮርዲዮኑም ጭምር፣ እስከ ምድር ዝቅ ብዬ እጅ እየነሣሁ፣ በሹመት ላይ ሹመት፣ በማሽን ላይ ማሽን እንዲጨመርልዎ ዘወትር የምመኝልዎ፣

በጓሳ ሜዳ የሌለችው
መምህርት ወርቅውሃ ኃይለ ማርያም

ከፊርማው በኋላ የተጨመረ፤ ከጥር ወር ጀምሮ የክፍል ኃላፊዎች ድልድልም በዚሁ ማሽን፣ በዚሁ ትእዛዝ እንደሚሠራ፣ ደንቡም ለዐሥር ሠራተኛ አንድ ኃላፊ እንደሆነ የሚገልጽ መመሪያ መካነ ብርሃን ላይ ተለጥፎ አነበብሁና እጅግ ደስ አለኝ። አዳሙን የክፍልዎን ሠራተኞች ቆጥሮ እንዲነግረኝ ብጠይቀው፣ ዘበኛውም ተቆጥሮ ዘጠኝ ናችሁ።